ጣሳው ብቻውን አያሳድግም

ቦትስዋና ዝናብ የሚናፈቅባት አገር ናት። አብዛኛው መሬቷ የካላሃሪ አሸዋ ነው፤ ደመና ሲጠቁር ሰው ፊቱ ይፈካል። እ.ኤ.አ. በ2005 ማብቂያ የጀመረው ዝናብ ግን አላባራ አለ። ውኃው በየግቢው ተኛ፣ የመጸዳጃ ጉድጓዶች ሞልተው ፈሰሱ። የ2006 ጃንዋሪ ሲገባ በየጤና ጣቢያው ተቅማጥ የያዛቸውን ሕፃናት ያቀፉ እናቶች መሰለፍ ጀመሩ። ተቅማጥ በዝናብ ወቅት መምጣቱ ለሐኪሞቹ አዲስ አልነበረም። ያልለመዱት ሞቱን ነበር። ከጃንዋሪ እስከ ማርች ባሉት ወራት የታማሚዎቹ ቁጥር በሦስት እጥፍ ሲያድግ፣ የሟቾቹ ቁጥር ግን በሃያ አምስት እጥፍ አሻቀበ።

በአገሪቱ ሁለተኛ ከተማ በፍራንሲስታውን የሚገኘው የኛንጋብግዌ ሪፈራል ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ከዚህ ማዕበል ብዙውን ተቀብሏል። ተቅማጥ የበረታበትን ሕፃን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያሻም። ዓይኑ ይሰረጉዳል፣ ርግብግቢቱ ይጎደጉዳል፣ የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርገው ሲለቁት ቶሎ አይመለስም፣ ያለቅሳል እንጂ እንባ የለውም። የፍራንሲስታውን ሐኪሞች ይህን ማከም ያውቁበታል፤ ፈሳሽ ይተካሉ፣ ኦ.አር.ኤስ ያጠጣሉ። ግራ የገባቸው ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነበር። ተቅማጡ ጋብ ያለለት ሕፃን አገግሞ ወደ ቤቱ በመሄድ ፈንታ እግሩና ፊቱ ያብጥ፣ ፀጉሩ ይሳሳ ጀመር። አልማዝ በምታወጣ፣ ከአፍሪካ መካከለኛ ገቢ ካላቸው አገሮች በምትመደብ አገር ሕፃናት በከባድ የምግብ እጥረት እየሞቱ ነበር።

መንግሥት የአሜሪካን የበሽታ መከላከያና መቆጣጠሪያ ማዕከል እርዳታ ጠየቀ። አጣሪዎቹ በሆስፒታሉ የተኙ 153 ሕፃናትን ታሪክ አንድ በአንድ መረመሩ። ከሞላ ጎደል ሁሉም ከሁለት ዓመት በታች ነበሩ። ከእነዚህም 88 በመቶዎቹ ጡት አይጠቡም። ከ153ቱ 33ቱ ሞቱ። ከሞቱት መካከል ጡት ይጠባ የነበረው አንድ ብቻ ነበር። በሰገራቸው ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስና በሽታ አምጪ ኢኮላይ በብዛት ተገኝተዋል፤ አንዳንዱ ሕፃን ሁለትና ሦስት ዓይነት ጀርም በአንድ ጊዜ ተሸክሟል። የሁሉም መነሻ ግን ወደ አንድ ነገር ያመለክታል፦ ወደ ጡጦው።

በበጎ የተሰጠ ወተት

እነዚያ እናቶች ጡታቸውን የነፈጉት በስንፍናም በፋሽንም አልነበረም። በ2005 በቦትስዋና በእርግዝና ክትትል ላይ ከነበሩ ሴቶች ሲሶው ያህል ኤችአይቪ በደማቸው ነበር። ምንም ዓይነት መከላከያ ካልተደረገ፣ ከእናት ወደ ልጅ የመተላለፉ ዕድል በእርግዝና፣ በምጥና በጡት ተደምሮ ከ15 እስከ 45 በመቶ ይደርሳል። ጡት ቫይረሱ ከሚያልፍባቸው መንገዶች አንዱ ነው፤ እናም ጡቱን መተው መንገዱን መዝጋት ሆኖ ታየ። ቦትስዋና በ1999 የመከላከል ፕሮግራሟን ስትጀምር ቫይረሱ ላለባቸው እናቶች የዱቄት ወተት በነፃ ማደል ያዘች፤ እደላውም ለሕፃኑ የመጀመሪያ ዓመት እንዲቀጥል ታሰበ። በ2002 ደግሞ ለዜጎቿ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ ማቅረብ የጀመረች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት አገር ሆነች። ለሕዝቡ የሚያስብ መንግሥት ሊያደርግ የሚችለውን እያደረገች ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት በዚያን ጊዜ ያወጣው ምክር አምስት ቅድመ ሁኔታዎች ነበሩት። የዱቄት ወተት መሰጠት ያለበት በቤተሰቡና በአካባቢው ተቀባይነት ካለው፣ ለማዘጋጀት ከተቻለ፣ አቅም ከፈቀደ፣ ሳይቋረጥ ከቀጠለና ንጽሕናው ከተጠበቀ ነው ይላል። ቦትስዋና ውስጥ ሁኔታዎቹ የተሟሉ ይመስሉ ነበር። ወተቱ በነፃ ነው፣ አብዛኛው ሰው የቧንቧ ውኃ ያገኛል። ልማዱም ቀስ በቀስ ወደ ሌሎች እናቶች ተሻገረ፤ ቫይረሱ የሌለባቸው ሳይቀሩ ጡጦ አነሱ።

አንድ ጡጦ እስኪሞላ

አምስቱ ቅድመ ሁኔታዎች በተግባር ምን እንደሚጠይቁ ለማየት አንድ ጡጦ እንከተል። ሰዓቱ ከሌሊቱ ዘጠኝ ነው እንበል። የሁለት ወር ሕፃን ተነሥቶ ያለቅሳል። እናቱ እጇን በሳሙና መታጠብ አለባት። ጡጦው፣ ክዳኑና የጡጦው ጡት ታጥበው መቀቀል አለባቸው፤ በጡቱ ቀዳዳ ዙሪያ የደረቀች ቅንጣት ወተት ለባክቴሪያ ሙሉ ድግስ ናት። ውኃው ተንተክትኮ መፍላት አለበት። ከፈላም በኋላ እስኪበርድ አይጠበቅም፤ የዱቄት ወተት ከፋብሪካ ሲወጣ ከጀርም ፍጹም ነፃ ስላልሆነ፣ ሳልሞኔላንና ክሮኖባክተርን ለመግደል ዱቄቱ ሙቀቱ ከ70 ዲግሪ ሴልሺየስ ባልወረደ ውኃ መበጥበጥ አለበት። ልኩ በጣሳው ውስጥ ባለው ማንኪያ ነው፤ ተላጭቶ እንጂ ተቆልሎ አይለካም። ከተበጠበጠ በኋላ ለብ እስኪል ይቀዘቅዛል። በሁለት ሰዓት ውስጥ ያልተጠጣው ይደፋል። ሕፃኑ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ደግሞ ይነሣል፤ ያንኑ ሁሉ እንደገና ከመጀመሪያው።

ሁሉ ነገር በቤቱ ላለ ሰው ይህ አድካሚ ነው እንጂ አያቅትም። ውኃ ከሰፈር ቧንቧ በጄሪካን ቀድታ ለምታስቀምጥ፣ እሳቱን በእንጨት ለምታነድ እናት ግን በየቀኑ ስድስትና ሰባት ጊዜ ይህን መፈጸም የማይቻል ነው። ስለዚህ የሰው ልጅ ሁሉ የሚያደርገውን ታደርጋለች፦ ታቃልለዋለች። ውኃውን ማታ አንዴ አፍልታ ታሳድረዋለች። የተረፈውን ወተት መድፋት ይከብዳታል። ክሎሪን የገባበትን የቧንቧ ውኃ ደግሞ ሳታፈላው ብትጠቀም ማን ይፈርድባታል? ይሁንና ክሪፕቶስፖሪዲየም በክሎሪን አይሞትም፤ የሚሞተው በማፍላት ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ጣሳው ራሱ ነው። የሦስት ወር ሕፃን የሚበቃውን ያህል ከጠጣ 400 ግራም የሚይዝ ጣሳ አራት ቀን አይሞላውም፤ በወር ስምንት ጣሳ ገደማ ማለት ነው። የጤና ጣቢያው ክምችት ሲያልቅ፣ ወይም መንገዱ በጎርፍ ሲቆረጥ፣ ስምንቱ አምስት ይሆናል። ያኔ ማንኪያው ይቀንሳል፣ ውኃው ይጨምራል። ጡጦው እንደሞላ ነው፣ ሆዱም እንደተነፋ ነው፤ ሕፃኑ ግን የሚጠጣው ነጭ ቀለም ያለው ውኃ ነው። የፍራንሲስታውን ምርመራ እንዳሳየው፣ ከሞቱት ሕፃናት ብዙዎቹ ሊያገኙ ከሚገባቸው ያነሰ ዱቄት ነበር የደረሳቸው። ዝናቡ ሲመጣ ያገኛቸው ቀድመው ተዳክመው ነው። ተቅማጡ ከፊል ጉልበታቸውን ወሰደ፤ ቀሪውን ደግሞ ባዶው ጣሳ።

የጡት ወተት ከዚህ ሁሉ የሚያድነው ንጹሕና ዝግጁ ስለሆነ ብቻ አይደለም። እናትየው በምትኖርበት ቤት፣ ከምትጠጣው ውኃ የሚገጥማትን ጀርም የእሷ ሰውነት ይለየዋል፣ መከላከያ ፕሮቲን ይሠራለታል፣ ያንንም በወተቷ ለልጇ ታቀብለዋለች። ፕሮቲኑ የሕፃኑን አንጀት ግድግዳ ይለብጠዋል፤ ጀርሙ የሚጣበቅበት ያጣል። በወተቱ ውስጥ ያሉ ልዩ ስኳሮች ደግሞ ለሕፃኑ ምግብ አይሆኑም፤ የሚመግቡት በአንጀቱ ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ነው። የዱቄት ወተት ፕሮቲኑን፣ ቅባቱንና ቪታሚኑን አስመስሎ ሊይዝ ይችላል። የዚያን ቤትና የዚያን ሰሞን በሽታ የሚያውቅ መከላከያ ግን ፋብሪካ ሊያሽገው አይችልም።

የሲንጋፖሩ ንግግር

በፍራንሲስታውን ክፍል የታየውን እብጠት ለሕክምናው ዓለም ያስተዋወቀችው ሲስሊ ዊሊያምስ የተባለች ጃማይካ የተወለደች ሐኪም ናት። በያኔዋ ጎልድ ኮስት፣ በዛሬዋ ጋና፣ ስትሠራ ከጡት በተነጠሉ ልጆች ላይ ያየችውን በሽታ በ1933 ጻፈችው፤ በ1935 ደግሞ የአገሬው ሰው በሚጠራበት ስም ክዋሽዮርኮር ብላ አሳተመችው። በኋላ ወደ ማላያ ተዛወረች። እዚያ የገጠማት ሌላ ነገር ነበር፦ እንደ ነርስ የለበሱ ሻጭ ሴቶች ወላዶችን እያግባቡ ጣፋጭ የቆርቆሮ ወተት ይሸጡላቸዋል። በ1939 በሲንጋፖር ሮታሪ ክለብ ቀርባ «ወተትና ግድያ» በሚል ርዕስ ንግግር አደረገች። ስለ ሕፃናት አመጋገብ በሚነዛው የተሳሳተ ወሬ የሚመጣውን ሞት ግድያ ብላ ልትጠራው አልፈራችም። ጃፓን ሲንጋፖርን ስትይዝ ዊሊያምስ በቻንጊ እስር ቤት ታጎረች። ምግብ በጠፋበት በዚያ እስር ቤት ሃያ ሕፃናት ተወለዱ፤ ሃያውም ጡት ጠቡ፣ ሃያውም ተረፉ።

ነገሩ የዓለም አጀንዳ ለመሆን ሌላ አራት አሥርት ዓመታት ፈጀ። በ1974 ዋር ኦን ዋንት የተባለው የብሪታንያ ድርጅት የወተት ኩባንያዎች በድሃ አገሮች የሚያደርጉትን ማስታወቂያ የሚያጋልጥ ጽሑፍ አወጣ። በ1977 አሜሪካ ውስጥ በኔስሌ ላይ የግዢ አድማ ተጀመረ። በሜይ 1981 የዓለም ጤና ጉባኤ የእናት ጡት ወተት ምትኮችን ግብይት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ደንብ በ118 ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ አጸደቀ። ተቃዋሚዋ አሜሪካ ነበረች። ደንቡ ለሕዝብ ማስተዋወቅን፣ ለእናቶች ነፃ ናሙና ማደልን፣ በጣሳው ላይ የሕፃን ፎቶ መለጠፍን ይከለክላል።

የቦትስዋና ነገር ከዚህ ሁሉ የሚለየው በዚያ ነርስ መስሎ የሚያታልል ሻጭ ስላልነበረ ነው። ጣሳውን ያደለው መንግሥት ነው፣ ያደለውም አዝኖ ነው። ውጤቱ ግን ያው ሆነ፤ ባክቴሪያ ጣሳው ከሻጭ ይምጣ ከአዛኝ አይለይም።

ሁለት ሞት በአንድ ሚዛን

እንግዲህ እናት ምን ታድርግ? ብታጠባ ቫይረሱ፣ ባታጠባ ተቅማጡ። የሚገርመው መልሱ በራሷ በቦትስዋና ውስጥ እየተዘጋጀ ነበር። ከ2001 ጀምሮ 1,200 ቫይረሱ ያለባቸው እናቶች የተሳተፉበት ማሺ የተባለ ጥናት ሕፃናቱን በሁለት ከፍሎ ይከታተል ነበር። ከፊሉ የዱቄት ወተት ሲሰጠው ከፊሉ መድኃኒት እየወሰደ ጡት ጠባ። በሰባት ወራቸው ቫይረሱ የተገኘባቸው ከጡጦዎቹ 5.6 በመቶ፣ ከጡት ጠቢዎቹ 9 በመቶ ነበሩ። እስከዚያው የሞቱት ግን ከጡጦዎቹ 9.3 በመቶ፣ ከጡት ጠቢዎቹ 4.9 በመቶ ሆኑ። ጡጦው በአንድ እጁ ያዳነውን በሌላው ወስዶታል። በአሥራ ስምንት ወራቸው ከቫይረሱ ነፃ ሆነው በሕይወት በመገኘት ሁለቱ ቡድኖች ብዙም አይለያዩም ነበር። ጥናቱ ታትሞ የወጣው በ2006 ኦገስት፣ ጎርፉ ካለፈ በኋላ ነው።

ከዚያ ቀደም በ1999 ከደርባን፣ ደቡብ አፍሪካ፣ የወጣ ጥናት ሌላ ያልተጠበቀ ነገር አሳይቷል። በሦስት ወራቸው ቫይረሱ በብዛት የተገኘባቸው ጡትም ሌላም ሲቀላቀልላቸው የነበሩት ሕፃናት ናቸው፤ 24.1 በመቶ። ጡት ብቻ የጠቡት 14.6 በመቶ ነበሩ። ተመራማሪዎች የሚሰጡት ምክንያት ከጡት ሌላ የሚገባ ምግብና ውኃ ለጋውን አንጀት ስለሚያቆስለው ቫይረሱ የሚገባበት ያገኛል የሚል ነው። ከሁሉ የከፋው መንገድ መቀላቀሉ ነበር።

ቋጠሮውን የፈታው መድኃኒቱ ነው። ማ ባና የተባለው ሌላ የቦትስዋና ጥናት በ2010 ሲታተም፣ እናትየው በእርግዝናና በማጥባት ጊዜ ሙሉውን መድኃኒት ከወሰደች ቫይረሱ የሚተላለፈው ወደ አንድ በመቶ ለሚጠጉ ሕፃናት ብቻ መሆኑ ታየ። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት ምክሩን ቀየረ፦ እናት መድኃኒቷን እየወሰደች ታጥባ። ኢትዮጵያም በ2005 ዓ.ም. ለማንኛዋም ቫይረሱ ለተገኘባት ነፍሰ ጡር መድኃኒቱ እንዲጀመርላትና ዕድሜ ልኳን እንድትቀጥል ወሰነች። ዛሬ መድኃኒቷን በአግባቡ የምትወስድ እናት ስድስት ወር ጡት ብቻ፣ ከዚያም ከተጨማሪ ምግብ ጋር እንድታጠባ ትመከራለች።

ቅቤው ለማን ነው?

በእኛ አገር የጣሳው ታሪክ አጭር ነው፤ አብዛኛዋ እናት ታጠባለች። መቀላቀሉ ግን ከጥንት አብሮን ኖሯል። በገጠርም በከተማም አራስ ቤት ገብቶ ያየ ሰው ይህን ምልልስ አይስተውም። አያት ለጋ ቅቤ በጣታቸው ጫፍ ይዘው ወደ ሕፃኑ ያቀርባሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ፈጠን ትላለች።

«እማማ፣ ምንም አይስጡት። ጡቱን ይዟል እኮ።»

«ምን ይዟል ልጄ? ገና ወተቷ አልወረደም። ጉሮሮው ይለስልስ ብዬ ነው። እናቱን ያሳደግኳት እንዲሁ ነው።»

«ወርዷል እማማ። ይኸው ቢጫዋ እንገር። የእሱ ሆድ አሁን የሻይ ማንኪያ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ይበቃዋል። ቅቤውን ለአራሷ ገንፎ ያድርጉላት፤ እሷ ስትጠነክር ለሱም ይተርፋል።»

ቅቤው ወደ ገንፎው ከተመለሰ አያትም አልተዋረዱ፣ ሕፃኑም ዳነ። ይህ ሥራ በየቤቱ ሲደጋገም ቁጥር ለውጧል። በ2011 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ቅቤ፣ የአብሽ ውኃ፣ ስኳር በውኃ ወይም ሌላ ነገር የቀመሱ ሕፃናት 27 በመቶ ነበሩ። በ2016ቱ ጥናት 8 በመቶ ሆነዋል። ከተወለዱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት የያዙት ደግሞ 73 በመቶ ደርሰዋል። ምክር ይሠራል።

ምክር ብቻውን የሚደርስበት ግን ወሰን አለው፤ ወሰኑንም ያው የ2016 ጥናት ያሳየናል። ከሁለት ወር በታች ካሉት ሕፃናት 74 በመቶዎቹ ጡት ብቻ ይጠባሉ። ሁለትና ሦስት ወር ከሞላቸው 64 በመቶ። አራትና አምስት ወር ከሞላቸው 36 በመቶ። በዚያን ጊዜ ከ1,000 ሕፃናት 48ቱ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። ይህ ሞት ብዙ ምክንያት አለው፤ አብዛኛው በመጀመሪያው ወር የሚከሰት ሲሆን ያለ ጊዜ መወለድና በምጥ ወቅት መታፈን ድርሻቸው ትልቅ ነው። ከዚያ ወር በኋላ ግን ተቅማጥና የሳንባ ምች ይሰለጥናሉ፤ ጡት በዋናነት የሚከላከለውም እነዚህን ነው። በ2016 በላንሴት የታተመ ስሌት ጡት ማጥባት በመላው ዓለም ቢዳረስ በዓመት ከ820 ሺህ በላይ ሕፃናት ከሞት እንደሚተርፉ ገምቷል።

ሦስተኛው ወር ላይ ምን ይመጣል?

የገጠሯን እናት ሦስተኛው ወር ላይ የሚጠብቃት እርሻው፣ ገበያው፣ ውኃውና እንጨቱ ነው። ልጁን አዝላ ከሄደች ታጠባዋለች፤ ለታላቅ እህቱ ትታው ከሄደች አጥሚት ወይም የላም ወተት በጡጦ ይጠብቀዋል። የከተማዋን ሠራተኛ የሚጠብቃት ደግሞ ቀን የተቆረጠለት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይፈቅዳል። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010ም እንዲሁ ይፈቅድ ነበር። ጤና ሚኒስቴር ደግሞ 180 ቀን ጡት ብቻ ይላል። በ91ኛው ቀን ጠዋት እናትየው ቢሮ ወይም ፋብሪካ ትገባለች፤ ሕፃኑ ለሞግዚት ይቀራል። ወተቷን አልባ ማስቀመጥ ይቻላል፤ በክፍል ሙቀት አራት ሰዓት፣ በፍሪጅ እስከ አራት ቀን ይቆያል። የሚታለብበት ንጹሕ ክፍል፣ የሚቀመጥበት ፍሪጅና ሃያ ደቂቃ እረፍት ካለ ነው ታዲያ። ያው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ የሕፃናት ማቆያ እንዲኖር ያዝዝ ነበር፤ ማቆያ በሌለበት መሥሪያ ቤት ግን እናት ወተቷን የምታልበው መጸዳጃ ቤት ቆልፋ ነው።

የዱቄት ወተት ጠላት አይደለም። እናቱ በወሊድ ለሞተችበት፣ እናቱ ጡት የማያስችል ሕክምና ላይ ለሆነችበት ሕፃን ሕይወት ነው። ነገር ግን ለእነሱም ቢሆን ጣሳው ከነውኃው፣ ከነእሳቱና ሳይቋረጥ መምጣት አለበት። ቦትስዋና ውስጥ የሆነው ይህ ነው፦ ጣሳው ለእናቲቱ ተሰጠ፣ ጣሳው የሚጠይቀው ሁሉ ግን ለራሷ ተተወ። እኛም በተራችን ምክሩን ሰጥተናታል፤ ምክሩ የሚጠይቀውን ጊዜ ግን ለራሷ ትተንላታል። 180 ቀን ብሎ የሚመክር መንግሥት በሕጉ 90 ቀን ከሰጠ፣ የቀሩትን 90 ቀናት የሚሞላው በሞግዚት እጅ ያለው ጡጦ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለማሻሻያ በቀረበ ጊዜ ምክር ቤቱ መጀመሪያ ሊያስታርቅ የሚገባው እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ነው።